ግድግዳ መትቶ እጁን የሰበረው ልጅ፦ ቼዝና ቴኳንዶ ለወጣቶቻችን ምን ያስተምራሉ?

"ዶክተር፣ ልጄ ቶሎ ይናደዳል፣ ምን ላድርገው?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ወላጆች ብዙ ናችሁ። ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከሆናችሁ ግን ሰልፉ ሳያልቅ ትጨርሱታላችሁ 😊

የምነግራችሁን ታሪክ የጻፍኩት በልጁና በእናቱ ፈቃድ ነው። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

🔹 መጀመሪያ የመጣው እጁ ነው

የምሠራው ፉሪ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ነው። አንድ ቀን ማታ ልንዘጋ ስንል አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ገቡ። የልጁ ቀኝ እጅ በትንሿ ጣት በኩል አብጧል። እጁን ሲጨብጥ የሌሎቹ ጣቶች አንጓ ጎልቶ ይታያል፤ የትንሿ ጣት አንጓ ግን ሰምጧል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ወድቄ።"

"ውሸቱን ነው ዶክተር" አሉ እናትየው። "ግድግዳ መትቶ ነው።"

ራጅ ስናስነሳው እንደጠረጠርኩት ከትንሿ ጣት አንጓ ስር ያለው የመዳፍ አጥንት ተሰብሯል። በሕክምናው "የቦክሰኛ ስብራት" ይባላል። የሚገርመው ግን በደንብ የሰለጠነ ቦክሰኛን ብዙ ጊዜ አያገኘውም። የሰለጠነ ሰው የሚመታው በጠንካራዎቹ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት አንጓ ነው። ይሄ ስብራት በብዛት የሚታየው ባልሰለጠነና በተናደደ ወጣት ላይ ነው።

ለምን እንደተናደደ ስጠይቀው ቀስ ብሎ ነገረኝ። እናቱ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሰጡትን ብር የእግር ኳስ ውርርድ ላይ አስይዞ ተበልቷል። እናቱ ሲጠይቁት ግድግዳውን መታ።

እኔም ጀሶ አሰርኩለት፣ ማስታገሻ አዘዝኩለት፣ "ሁለተኛ ግድግዳ እንዳትመታ" አልኩት። ፈገግ አለ። የሰጠሁት ምክር በሙሉ ያቺ ነበረች። ከበር ውጭ ሌሎች ታካሚዎች እየጠበቁኝ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። አሁን የመታው ግድግዳ አልነበረም፤ የሰው አፍ ነው። ሰፈር ውስጥ ተጣልቶ ሲመታ የሌላው ልጅ ጥርስ አንጓው ላይ ትንሽ ቁስል ጥሎበታል። እናቱ እንዳያዩበት ሦስት ቀን ደበቀው። እኔ ጋ ሲደርስ እጁ እንደ ዳቦ ተነፍቶ መግል ይወጣዋል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክሁት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ አንጓው ታጠበ፣ ለቀናትም ተኛ።

⚠️ እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ በቡጢ የሰው ጥርስ መትቶ አንጓው ላይ የቆሰለ ሰው ቁስሉ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ። የሰው አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ጥርሱ ደግሞ እስከ መገጣጠሚያው ሊገባ ይችላል። ሲዘገይ ጣት እስከማሳጣት ይደርሳል። "ትንሽ ናት፣ ትድናለች" አይባልም።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። አጥንቱን አክሜዋለሁ፤ ልጁን ግን አላከምኩትም። ያው እጅ ነው ሁለት ጊዜ የመጣው።

🔹 ስንናደድ ጭንቅላታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ነገሩን አቅልዬ ላስረዳችሁ። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ ሲያይ ወይም ተዋረድኩ ብሎ ሲያስብ የማንቂያ ደወሉን ይደውላል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እጅ ይጨበጣል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ከሐሳብ በፊት ነው።

ከግንባራችን ጀርባ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ። "ቆይ እስቲ፣ ብመታው ምን ይመጣል?" ብሎ የሚያስበው፣ የሚያመዛዝነውና ፍሬን የሚይዘው እሱ ነው። ችግሩ ይሄ ክፍል በስሎ የሚያልቀው 20ዎቹ አጋማሽ አካባቢ መሆኑ ነው። በ16 ዓመት ነዳጅ መስጫው ሙሉ ነው፤ ፍሬኑ ግን ገና እየተገጠመ ነው።

ስለዚህ ለተናደደ ልጅ "አትናደድ!" ማለት ብዙም አይሠራም። ምክሩን መቀበል ያለበት የአንጎል ክፍል በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ አይደለም። ታዲያ ምን ይሠራል? ልምምድ። ልብ እየመታ፣ እየተሸነፉ፣ ሰው እያየ ቆም ማለትን ደጋግሞ መለማመድ። መኪና መንዳት በወሬ እንደማይለመደው ሁሉ ይሄም በወሬ አይለመድም።

አባቶቻችን "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለዋል። ልክ ናቸው፤ ግን አለመቸኮልን ልጁ የት ሄዶ ይለማመድ? የኔ ጥያቄ ይሄ ነበር።

🔹 በቆርቆሮ ጣሪያ ስር

መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። እግሩ ወለም ብሎት ልታከም የመጣ አንድ ወጣት የቴኳንዶ አሰልጣኝ ነበር። የሰፈር ልጆች "ማስተር" ይሉታል። የክሊኒካችንን ታሪክ ሳጫውተው "ዶክተር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ና እና እየን" አለኝ። ሄድኩ።

ቦታው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ግቢ ነው። መሬቱ ላይ ያረጀ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከ30 የማያንሱ ልጆች አሉ፤ ምንጣፉ ግን በአንድ ጊዜ ከ10 ልጅ በላይ አይዝም። የቀሩት ዳር ዳሩን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቼዝ ይጫወታሉ። አንዱ ሰሌዳ ካርቶን ላይ በማርከር የተሠመረ ነው። የጠፉ ወታደሮች ቦታ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ቆሟል።

"ቼዙን ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

ሳቀ። "ለትምህርት ብዬ እንዳይመስልህ ዶክተር። ተራ እስኪደርሳቸው እርስ በርስ እየተጣሉ ስላስቸገሩኝ ነው። በኋላ ግን ቼዝ የሚጫወቱት ምንጣፉ ላይም ረጋ እያሉ መጡ።"

ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አየሁ። ሦስት ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ።

1️⃣ ቼዝ የሚጫወት ልጅ እጁን ከጭኑ ስር አድርጎ ይቀመጣል። ምክንያቱም የነካኸውን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። የቼዝ ዓለም አቀፍ ሕግም ይኸው ነው። "ተሳሳትኩ፣ ልመልሰው" የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይን ያያል፣ ከዚያ ጭንቅላት ያስባል፣ እጅ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

2️⃣ ፍልሚያ ላይ የተመታ ልጅ ወዲያው አይመልስም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ አንዴ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ተናዶ የገባ ልጅ ከምንጣፉ ወጥቶ ቼዝ ወዳለበት አግዳሚ ይሄዳል። ቅጣት አይመስልም፤ "ሂድ ቀዝቀዝ በል" እንደማለት ነው።

3️⃣ መጨረሻ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ማስተሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ "በዚህ ሳምንት ከግቢው ውጭ የት ተጠቀማችሁበት?" አንዷ ልጅ "ባጃጅ ውስጥ አንዱ ሲሰድበኝ ዝም ብዬ ወረድኩ" አለች። አንዱ "አልቻልኩም፣ ወንድሜን መታሁት" አለ። ማንም አልሳቀበትም።

ያኔ ገባኝ። ከሦስቱ ትልቁ ሦስተኛው ነው። ለምን እንደሆነ ጥናቶቹን ካየን በኋላ ግልጽ ይሆንላችኋል።

🔹 ጥናቶች ምን ይላሉ? (እውነቱን እንነጋገር)

እዚህ ገጽ ላይ የማልወደው ነገር ማጋነን ነው። "ቼዝ ልጅህን ሊቅ ያደርገዋል" የሚሉ ቪዲዮዎች ብዙ አይታችኋል። እውነቱ እንዲህ ነው፦

👉 እንግሊዝ ውስጥ በ100 ትምህርት ቤቶች ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ገደማ የሆኑ ልጆች በትምህርት ሰዓት 30 ሰዓት ያህል ቼዝ ተማሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ውጤት ቼዝ ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ማለትም ቼዝ መማር ብቻውን የሒሳብ ተማሪ አያደርግም።

👉 አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ 34 አስቸጋሪ ጠባይ የሚያሳዩ ታዳጊ ወንዶችን በሦስት ቡድን ከፈለ። አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከነሥነ ሥርዓቱ ተማረ፤ ማለትም ሰላምታውን፣ አክብሮቱን፣ ጸጥ ብሎ ራስን መሰብሰቡን ጨምሮ። ሁለተኛው ምቱንና ፍልሚያውን ብቻ ተማረ። ሦስተኛው ሩጫና ቅርጫት ኳስ ሠራ። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ቡድን ጠበኝነት ቀነሰ። ምቱን ብቻ የተማረው ቡድን ግን ጭራሽ ባሰበት! ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን መልእክቱን አስቡት።

👉 እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት እዚያው አሜሪካ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 5ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ ተሠራ። ለሦስት ወር ያህል ከመደበኛው ስፖርት ይልቅ ቴኳንዶ የተማሩት ልጆች ራሳቸውን በመግዛትና በክፍል ውስጥ ጠባያቸው የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ልጆቹ ለራሳቸው ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ ይማሩ ነበር፦ የት ነው ያለሁት? ምን እያደረግኩ ነው? ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ሦስቱን ጥናቶች አንድ ላይ ስታዩአቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ልጁን የሚለውጠው ሰሌዳው ወይም እርግጫው ብቻ አይደለም። ሰሌዳው ላይ የተማረውን ቆም ማለት ወደ ሰፈር፣ ወደ ቤት፣ ወደ ክፍል የሚያሻግርለት ሰው ሲኖር ነው የሚለወጠው። ያ የማስተሩ ጥያቄ ድልድዩ ነው። ድልድይ ከሌለ ቼዝ ቼዝ ሆኖ ይቀራል፤ ምት ብቻ የተማረ ልጅ ደግሞ በደንብ የሚመታ ቁጡ ይሆናል።

🔹 ነገሩ ለኛ አዲስ ነው እንዴ?

አይደለም። ቼዝ በአገራችን "ሰንጠረዥ" እየተባለ ለብዙ መቶ ዓመታት በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ሲጫወቱት ኖረዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። የኛ ሰንጠረዥ በዓለም ላይ የሚለየው በአጀማመሩ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ በፍጥነት ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል "ወረራ" ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል።

ይህን ሳነብ ወዲያው ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ሕይወቱን በሙሉ በወረራ ነበር የሚጫወተው። ገንዘቡ ተበላ፣ እጁ ተሰበረ፣ እሱ ግን ገና ተራ መጠበቅ አልጀመረም።

ቴኳንዶም ቢሆን ከኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ተወዳድሮ ኢትዮጵያን በኦሊምፒክ ቴኳንዶ የወከለ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ሆኗል። ሩጫ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ውስጥ ካትዌ በሚባል የድሆች ሰፈር ሮበርት ካቴንዴ ልጆችን ቼዝ ሲያስተምር ብዙዎቹ መጀመሪያ የመጡት ለሚሰጣቸው አጥሚት ነበር። ከነሱ አንዷ ፊዮና ሙቴሲ አገሯን ወክላ በቼዝ ኦሊምፒያድ ተወዳደረች፤ ታሪኳም እ.ኤ.አ. በ2016 ፊልም ሆነ። ናይጄሪያ ውስጥ ቱንዴ ኦናኮያ በሌጎስ የድሆች ሰፈሮች ላሉ ልጆች ቼዝ የሚያስተምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 መሠረተ፤ በ2024 ደግሞ ለልጆች ትምህርት ገንዘብ ለማሰባሰብ ኒውዮርክ አደባባይ ላይ 60 ሰዓት ቼዝ ተጫውቷል። ዮርዳኖስ፣ አዝራቅ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ቴኳንዶ የጀመረው ያህያ አል ጎታኒ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የስደተኞችን ቡድን ባንዲራ ከያዙት ሁለት ስፖርተኞች አንዱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አዲሳ ባንጆኮ ቼዝን፣ ማርሻል አርትንና ሂፕሆፕን አንድ ላይ አድርጎ ወጣቶችን የሚያስተምር ፌዴሬሽን አቋቁሟል።

እነዚህን የጠራኋቸው "ልጃችሁ ኦሊምፒክ ይሄዳል" ለማለት አይደለም። አብዛኛው ልጅ አይሄድም። ካትዌ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መጀመሪያ አጥሚት ነበር። የራበው ልጅ ቆም ብሎ ሊያስብ አይችልም።

🔹 ምን ምን ክህሎት ይማራሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት "የሕይወት ክህሎት" ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ አምስቱን በኛ ሰፈር ቋንቋ ላስቀምጣቸው፦

✅ ውሳኔ መስጠት፦ ቼዝ ላይ "እሱ ቀጥሎ ምን ያደርጋል?" ብሎ መጠየቅ። ሰፈር ላይ፦ "ይሄን ብር ባስይዝ ነገ ለታክሲ ምን እከፍላለሁ?"

✅ ስሜትን መቆጣጠር፦ ምንጣፍ ላይ ተመትቶ መተንፈስ። ቤት ውስጥ፦ እናት ሲቆጡ በር አለመደብደብ።

✅ ጭንቀትን መቋቋም፦ ሰው እያየህ መሸነፍ፣ እጅ ጨብጠህ መነሳት። ፈተና ሲወድቁ ዓለም እንዳልጠፋች ማወቅ።

✅ ሌላውን መረዳት፦ ጥሩ ቼዝ ተጫዋች ሰሌዳውን ከባላጋራው ወገን ሆኖ ያያል። ጥሩ ቴኳንዶ ተማሪ ከሱ ላነሰ ልጅ ጉልበቱን ይቀንሳል።

✅ ራስን ማወቅ፦ "እኔ የምናደደው ሰው ፊት ስዋረድ ነው" ብሎ መናገር መቻል። ይሄን ያወቀ ልጅ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

በዚያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ሜዳ በጠፋበት ከተማ ይሄን ለማሟላት አንድ ምንጣፍ ትልቅ ነገር ነው።

🔹 ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት

በጤና በኩል፦

▪️ ሲሮጥ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ የሚደክመው ልጅ መጀመሪያ ልቡ ይታይ። በአገራችን ቶንሲልን ተከትሎ የሚመጣ የልብ ቧንቧ በር ሕመም ብዙ ልጆችን ሳይታወቅ ይጎዳል።

▪️ አስም ያለበት ልጅ ስፖርት መሥራት ይችላል፤ የሚነፋው መድኃኒት ግን ከቦርሳው አይጥፋ። የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅም ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ይጀምር።

▪️ ጭንቅላት ላይ መምታት ለልጆች አይበጅም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቦክስን ለልጆችና ለታዳጊዎች ጨርሶ አይመክርም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስታውክ፣ ግራ የተጋባ፣ ብርሃን የሚረብሸው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ልጅ "ይለፍለት" ተብሎ አይቀመጥም። ልምምዱን ያቁም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው።

▪️ ለውድድር ኪሎ ለመቀነስ ብሎ ውኃና ምግብ የሚያስከለክል አሰልጣኝ ጋ ልጅ አትላኩ።

በአሰልጣኙ በኩል ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦

❓ ልጆች ውጭ ሲደባደቡ ምን ያደርጋል? "ማን አሸነፈ?" የሚል ከሆነ ውጡ።

❓ ከልምምድ በኋላ ከልጆቹ ጋር ያወራል? ስለ ትምህርታቸው ይጠይቃል?

❓ ወላጅ በፈለገ ሰዓት ገብቶ ማየት ይችላል? ልጅን ለብቻው ዝግ ክፍል የሚያሠለጥን፣ "ለቤተሰብ አትንገር" የሚል ሰው ማንም ይሁን ማን ቀይ መብራት ነው።

❓ ሴቶች ልጆች አሉ? ይከበራሉ?

🔹 "ዶክተር፣ ብር የለንም" ለምትሉ

ገባኝ። ምንም ሳታወጡ ቤት ውስጥ መጀመር ትችላላችሁ።

1. ካርቶን ላይ በቁመት 8፣ በወርድ 8፣ በድምሩ 64 ካሬ ሥሩ። ቆርኪ ሰብስቡና ዳማ ጀምሩ። ዳማ የሚችል ልጅ ቼዝ ለመልመድ አይከብደውም፤ የቼዝ ሕጉ ስልካችሁ ላይ በነፃ ይገኛል። ገበጣም ቢሆን ቆጥሮ፣ አስቀድሞ አስቦ የሚጫወቱት ነው፤ ጉድጓድና ጠጠር ይበቃዋል።

2. ከልጃችሁ ጋር ተጫወቱ። ሲያሸንፋችሁ አትናደዱ 😄 ልጁ መሸነፍን የሚማረው ከናንተ ፊት ነው። በዱላ እየቀጣን "ራስህን ግዛ" ብንለው የሚማረው ዱላውን ነው።

3. የነካኸውን ታንቀሳቅሳለህ የሚለውን ሕግ አጥብቁ።

4. ሲናደድ አብራችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፤ በአፍንጫ በቀስታ ወደ ውስጥ፣ በአፍ በረጅሙ ወደ ውጭ ተንፍሱ። ይሄ በተረጋጋ ሰዓት ቀድሞ ይለመዳል እንጂ በንዴት ሰዓት አይጀመርም።

5. በሳምንት አንድ ቀን፣ ቡና ሲፈላ ይሁን፣ ያንን ጥያቄ ጠይቁት፦ "በዚህ ሳምንት የት ተጠቀምክበት?" እናንተም የናንተን ንገሩት።

🔹 ቼዝና ቴኳንዶ ሕክምናን አይተኩም

ልጁ ለሳምንታት ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠላ፣ "ብሞት ይሻለኛል" ካለ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ጫት ወይም ሌላ ሱስ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ለውርርድ ሲል ዕቃ መሸጥና መበደር ከጀመረ ሰሌዳ ብቻ አይበቃውም። በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አስፈላጊ ከሆነ ወደ አእምሮ ሕክምና ይልኳችኋል። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እጁ ቢሰበር ትወስዱት የለ?

🔹 ልጁስ?

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቁስሉን ለማሳጠብ ሲመጣ ስለ ግቢው ነገርኩት። "ካራቴ ልማር ነው?" አለ ዓይኑ እየበራ። "ለጊዜው እጅህ እስኪድን ቼዝ ነው" አልኩት። ፊቱ ወደቀ። ግን ሄደ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አግዳሚው ላይ ነበር ያሳለፋቸው። ማስተሩ እንደነገረኝ ሁለት ጊዜ ሰሌዳ ገልብጦ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ጠጠሩን ከመሬት ለቅሟል። ውርርዱን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ያለፈው ወር እንኳን ተበልቷል። ይሄንን የምነግራችሁ ተአምር እንዳይመስላችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቱ ግፊታቸውን ለመለካት መጡ፤ እሱ ተከትሏቸው በር ላይ ቆመ።

"እጅህን አሳየኝ" አልኩት። ጨብጦ አሳየኝ። የትንሿ ጣት አንጓ አሁንም ትንሽ እንደሰመጠ ነው፤ እንደዚያው ይቀራል። ከጎኑ የቁስሉ ጠባሳ አለ። አዲስ ነገር የለም።

"ስንት ወር ሆነህ?"

"ሰባት" አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ "ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ልመታ ነበር ግን።"

"እና?"

"እጄ ላይ ተቀመጥኩ።"

እናትየው ሳቁ። ግፊታቸውም ካለፈው ወር ቀንሶ ነበር፤ ለሱ ግን መድኃኒቱም አለበት 😊

ወዳጆቼ፣ እናንተ ሰፈር ልጆችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያሠለጥን ሰው ካለ አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። ጥሩ ሰው ከሆነ ቤታችሁ የተቀመጠ የቼዝ ሰሌዳ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ውሰዱለት። ጽሑፉ የሚጠቅመው ወላጅ ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት።